ሁለት የኮክ ቅርጫትና አሥራ ሦስት ሕግጋት፤ የዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ ሕይወት

በ1891 የበረዶው ወራት በገባ ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ማንም መምህር ሊረከበው የማይወድ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍል ነበረ። ትምህርት ቤቱ የወንዶች ወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ ማለትም በእኛ አገር በአጭሩ ወወክማ ተብሎ የሚታወቀው ድርጅት፣ ሠራተኞቹን የሚያሠለጥንበት ነበር። የክፍሉ ተማሪዎች አሥራ ስምንት ሲሆኑ ወደፊት የማኅበሩን ቅርንጫፎች በጸሐፊነት ለማስተዳደር የሚማሩ ጎልማሶች ነበሩ። በመጸው የአሜሪካ እግር ኳስ፣ በጸደይ ቤዝቦል ይጫወታሉ። በሁለቱ መካከል ባለው ረጅም የብርድ ጊዜ ግን ሜዳው በበረዶ ስለሚሸፈን አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈው እጅና እግራቸውን በትእዛዝ እንዲያነሡና እንዲጥሉ ይደረጋል። በዚህ ክፉኛ ተሰላቹ። አንድ አስተማሪ ሞክሮ ተወ፤ ሌላውም ተተክቶ ሳይሳካለት ቀረ። በመምህራኑም ዘንድ ክፍሉ የማይታረሙ ሰዎች ስብስብ ነው የሚል ስም ወጣለት።

በመምህራን ጉባኤ ላይ ጉዳዩ ሲነሣ ከወጣቶቹ አስተማሪዎች አንዱ የተለየ አሳብ አቀረበ። ጥፋቱ የተማሪዎቹ ሳይሆን የሚሰጣቸው ትምህርት አሠራር ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልገው የጨዋታን ፍላጎት የሚቀሰቅስ ነገር እንጂ ጡንቻን ብቻ የሚያዳብር ልምምድ አይደለም አለ። የሰውነት ማጎልመሻው ክፍል ኃላፊ ዶክተር ሉተር ጉሊክም እንዲህ የሚያስብ ሰው ክፍሉን ራሱ ይረከብ ብሎ ፈረደ። ተናጋሪው የሠላሳ ዓመቱ ጄምስ ኔይስሚዝ ነበር። አሳብ ያቀረበ ሰው ሥራውም በእርሱ ላይ እንደሚወድቅ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ኔይስሚዝ የተወለደው በ1861 በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት፣ በአልሞንት ከተማ አጠገብ ነው። ወላጆቹ ከስኮትላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ገና ልጅ ሳለ በ1870 አባትና እናቱ በታይፎይድ በሽታ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞቱ። እርሱና እኅት ወንድሙ በእናታቸው ወገን ዘመዶች እጅ ቀሩ፤ ያሳደገውም ጥብቅ ገበሬ የነበረው አጎቱ ነው። ልጁ ፈረስ መንዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ለጀመረው ሥራ እርዳታ ሳይጠይቅ መጨረስ ለመደ። በትምህርቱ ግን አልገፋም፤ አቋርጦ በጫካ የእንጨት ቆራጮች ሠራተኛ ሆነ። ጥቂት ዓመታት እንደዚያ ከቆየ በኋላ ከእርሱ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀምጦ ሁለተኛ ደረጃውን ጨረሰና በ1883 በሞንትሪያል ወደሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ዓላማው ቄስ መሆን ነበር። በማክጊል ጓደኞቹ ሌሊት ሲያጠና ሰውነቱ እንዳይደክም ወደ ስፖርት ጎተቱት፤ እርሱም በራግቢና በጂምናስቲክ ከታወቁት አንዱ ሆነ። በዘመኑ የነበሩ ብዙ የሃይማኖት ሰዎች ስፖርትን የሥራ ፈቶች መዋያ አድርገው ያዩት ስለነበር ስለ ነፍሱ የሚጨነቁና የሚጸልዩለት የትምህርት ቤት ጓደኞች አልጠፉም። አንድ ቀን በጨዋታ መካከል ከጎኑ የነበረው ተጫዋች ተናዶ ክፉ ቃል ተናገረና ወዲያው ኔይስሚዝ መስማቱን አስታውሶ ይቅርታ ጠየቀው። ኔይስሚዝ ለዚህ ሰው አንድም ቀን ስለ ሥነ ምግባር ሰብኮለት አያውቅም ነበር። ሰውን ለመልካም ነገር ማስተማር ከመድረክ ላይ ብቻ እንዳልሆነ፣ በሜዳም እንደሚቻል የተረዳው ያን ጊዜ እንደሆነ በኋላ ተናግሯል። በ1890 የነገረ መለኮት ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ደብር ከመያዝ ይልቅ ወደ ስፕሪንግፊልድ ሄደ። ብቸኛ እኅቱ በዚህ ውሳኔው ቅር እንዳላት ኖራለች።

ጉሊክ ክፍሉን ብቻ አልሰጠውም፤ ቀነ ገደብም ጨመረለት። ቀደም ሲል በአንድ የውይይት ክፍለ ጊዜ ላይ አዲስ የሚባል ነገር ሁሉ የነባር ነገሮች አዲስ ቅንብር ነው የሚል አሳብ ተነሥቶ፣ ኔይስሚዝ እንደዚያ ከሆነ የነባር ጨዋታዎችን ክፍሎች በመለያየትና በማቀናጀት አዲስ ጨዋታ መፍጠር ይቻላል ብሎ ነበር። እንግዲህ በአዳራሽ ውስጥ፣ በመብራት፣ በብርድ ወራት የሚጫወቱት፣ ለመማር ቀላል የሆነና ሰው የማይጎዳ ጨዋታ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ታዘዘ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በውድቀት አለፉ። መጀመሪያ የልጆችን የአባሮሽ ጨዋታዎች አመጣ፤ ጎልማሶቹ አሥር ደቂቃ ያህል ሳቁና ሰለቹ። ቀጥሎ የአሜሪካን እግር ኳስ አለዝቦ ለማጫወት ሞከረ፤ ጨዋታው ግን ሰውን በጉልበት መጣልን የሚጠይቅ ስለሆነ ያ ሲወሰድበት ጣዕሙ ጠፋ። እንግሊዞች የሚጫወቱትን እግር ኳስ ወደ አዳራሹ ሲያስገባ መስኮቶቹ አደጋ ላይ ወደቁ፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የልምምድ መሣሪያዎችም ተበተኑ። የካናዳውን ላክሮስ ሲያመጣ ደግሞ ጨዋታውን የሚያውቁት የማያውቁትን በዱላቸው ፈነከቷቸው። ሁለቱ ሳምንታት ሊያልቁ አንድ ቀን ያህል ሲቀር ኔይስሚዝ ባዶ እጁን ነበር። ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ቢሮው ሲመለስ ምን ያህል እንደተሸማቀቀ ራሱ ጽፎታል።

መፍትሔው የተገኘው አንድን ጨዋታ እንዳለ ማሻሻል ሲተውና ሁሉንም ጨዋታዎች በጥቅሉ ሲመረምር ነው። የሥራውም ቁም ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ አካሄዱን በቅደም ተከተል ማየት ይገባል። የቡድን ጨዋታ ሁሉ ኳስ አለው። ኳሱ ትንሽ ከሆነ ዱላ ወይም ራኬት ያስፈልጋል፤ መሣሪያ ደግሞ ለመልመድ ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ኳሱ በእጅ የሚያዝ ትልቅ ይሁን። በእግር ኳስ ሰው የሚጣለው ለምንድን ነው? ኳሱን ይዞ ስለሚሮጥ ነው። እንግዲያውስ ይዞ መሮጥ ከተከለከለ የሚጥለው ሰው ምክንያት አያገኝም። ኔይስሚዝ እዚህ ላይ ሲደርስ ደስታውን መቆጣጠር አቅቶት ጣቶቹን አጨበጨበ ይባላል። ያዢው ኳሱን ለባልንጀራው በማንኛውም አቅጣጫ ይወረውራል እንጂ እርሱ ራሱ ከቆመበት አይንቀሳቀስም።

የቀረው የግቡ ጉዳይ ነበር። ግቡ እንደ እግር ኳስ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ኳሱ በኃይል ይወረወራል፤ ኃይል ባለበት ጠባብ አዳራሽ ውስጥም ጉዳት አይቀርም። በዚህ ጊዜ በልጅነቱ በሰፈሩ ከአንጥረኛው ቤት አጠገብ ይጫወቱት የነበረ ጨዋታ ትዝ አለው። አንድ ድንጋይ በትልቅ ቋጥኝ ላይ ይቀመጣል፤ ልጆቹ ሌላ ድንጋይ እየወረወሩ ያን ለማውረድ ይሞክራሉ። በኃይል የወረወረ ልጅ ድንጋዩ ርቆ ስለሚሄድበት ሮጦ እስኪያመጣው ይያዛል፤ ወደ ላይ በቀስት አምሳል በእርጋታ የወረወረው ግን ይቀናዋል። ስለዚህ ግቡ አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ቢሆን ኃይል ጥቅሙን ያጣል፤ ልክን ማወቅ ብቻ ይፈለጋል። ነገር ግን መሬት ላይ ቢቀመጥ ተከላካዮቹ ከበው ይቆሙበታል፤ በመሆኑም ከራሳቸው በላይ መሰቀል አለበት። እንዲህ እያለ አንዱ ውሳኔ ሌላውን እየወለደ ጨዋታው ተሠራ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር የለም።

በማግስቱ ጠዋት የሕንፃውን የጥገና ሠራተኛ ወርዱ 45 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ሁለት ሣጥን እንዲፈልግለት ጠየቀው። ሣጥን አልነበረም፤ የኮክ ፍሬ የሚቀመጥባቸው ሁለት ቅርጫቶች ግን በዕቃ ቤት ውስጥ ተገኙ። ኔይስሚዝ በአዳራሹ ሁለት ጫፎች በሰገነቱ የታችኛው መከታ ላይ በሚስማር መታቸው። የሰገነቱ ከፍታ ከወለሉ አሥር ጫማ፣ ማለት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ነበረ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራ ማናቸውም የአዋቂዎች የቅርጫት ኳስ ሜዳ ቀለበቱ የሚሰቀለው በዚህ ቁመት ነው። ይህን ልክ ማንም አስልቶ ያወጣው ሳይሆን የስፕሪንግፊልድን ሰገነት የነደፈው ሰው ሳያውቅ የወሰነው መሆኑ ለመሐንዲስ የሚያስገርም ነው።

አሥራ ሦስቱ ሕግጋት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተጽፈው በጽሕፈት መኪና ሁለት ገጽ ላይ ተተየቡና በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፉ። በብዛት የሚናገሩት ስለሚከለከለው ነገር ነው። ትከሻ መግጨት፣ መያዝ፣ መግፋት፣ መጥለፍና መምታት ክልክል ነው፤ ሁለት ጊዜ ያጠፋ ግብ እስኪቆጠር ድረስ ይወጣል፤ አንዱ ወገን በተከታታይ ሦስት ጥፋት ከሠራ ለተቃራኒው አንድ ግብ ይያዝለታል። ጨዋታው አሥራ አምስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ ዕረፍት፣ ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። የተጫዋቾቹ ቁጥር ግን በሕጉ ውስጥ አልተወሰነም።

ታኅሣሥ 21 ቀን 1891 ተማሪዎቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ከአስቸጋሪዎቹ መካከል የነበረው ፍራንክ ማሃን ሰሌዳውን አየና ደግሞ ሌላ አዲስ ጨዋታ መጣ ብሎ አጉረመረመ። ኔይስሚዝ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሞክሩለትና ካልወደዱት ሌላ እንደማያመጣባቸው ለመናቸው። አሥራ ስምንት ስለነበሩ ዘጠኝ በዘጠኝ ተከፈሉ፤ የእግር ኳስ ወደ ላይ ተወረወረ። ጥፋት በየደቂቃው ይነፋ ነበር፤ ወደ ዳር ወጥተው የሚቆሙትም ብዙ ነበሩ። የተቆጠረውም ግብ አንድ ብቻ ነው፤ ያገባው ዊልያም ቼዝ የተባለ ተማሪ ነበር። ነገር ግን ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ማንም ሊወጣ አልፈለገም። ከቀናት በኋላ ሌሎች ተማሪዎች በሰገነቱ ላይ ቆመው መመልከት ጀመሩ። ማሃን ከሰሌዳው ላይ ለማስታወሻ ብሎ የወሰዳቸውን ሁለት ገጾች በኋላ ለመምህሩ መለሰለት፤ ጨዋታውም በኔይስሚዝ ስም እንዲጠራ አሳብ አቀረበ። ኔይስሚዝ በእንዲህ ያለ ስም ማናቸውም ጨዋታ ይሞታል ብሎ ሳቀ። ቅርጫትም ኳስም ካለን የቅርጫት ኳስ እንበለው የሚለው የማሃን ሁለተኛ አሳብ ጸደቀ።

ቅርጫቱ ታች ድፍን ስለነበረ ግብ በተቆጠረ ቁጥር አንድ ሰው በመሰላል ወጥቶ ኳሱን ያወርድ ነበር። ኋላም ከሥር ቀዳዳ ተበጅቶለት በዘንግ መግፋት ተጀመረ፤ ቀጥሎ የብረት ቀለበትና መረብ መጣ። ከቀለበቱ ጀርባ ያለው ሰሌዳ ዛሬ የጨዋታው አካል ቢመስልም መጀመሪያ የተሠራው በሰገነቱ ላይ የሚቆሙ ተመልካቾች ለሚደግፉት ቡድን ሲሉ እጃቸውን ዘርግተው ኳሱን እንዳያግዙ ወይም እንዳያግዱ ነው።

ጨዋታው ወደ ትምህርት ቤቶች የገባው በፍጥነት ነው። በአቅራቢያው ያለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሴት መምህራን በምሳ ሰዓት በአዳራሹ ደጃፍ ሲያልፉ ጩኸቱን ሰምተው ገብተው አዩ፤ ሴቶች ሊጫወቱት እንደማይችሉ ምክንያት አለ ወይ ብለውም ጠየቁ። ኔይስሚዝ ምክንያት አላገኘም። በዚያ ዘመን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስና እጀ ሰፊ ልብስ ለብሰው ተጫወቱ። ከእነርሱ ጋር ከተጫወቱት መካከል አንዷ፣ ሞድ ሸርማን፣ በ1894 ሚስቱ ሆነች። በ1892 ደግሞ በአቅራቢያው ባለው የስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ ሰንዳ በረንሰን የተባለች አስተማሪ ሕጉን ለልጃገረዶች እንዲስማማ አድርጋ አስገባችው። ለሴት ልጅ ላብ ማውጣት ነውር በሚባልበት ጊዜ ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም። ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ስምንት ተማሪዎች አንዱ ጃፓናዊው ገንዛቡሮ ኢሺካዋ ሲሆን የማኅበሩ ምሩቃን በየሄዱበት አገር ሕጉን ይዘው ሄዱ፤ በ1893 በፓሪስ የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ይጫወቱት ነበር። በአዲስ አበባም አራት ኪሎ የነበረውን የወወክማ ግቢ የሚያስታውሱ አንባቢዎች ኳሱ በየትኛው መንገድ ወደ እኛ እንደመጣ ለመገመት አይቸገሩም።

ይሁንና አንድ ችግር ወዲያው ታየ። ጨዋታው የተፈጠረው ለአንድ ክፍል ሁሉ ነበር፤ ኔይስሚዝ በ1892 መግቢያ ላይ ባሳተመው መግለጫ ቦታው ከበቃ አርባ ሰው እንኳ ሊጫወት እንደሚችል አመልክቷል። ፉክክሩ እየጠነከረ ሲሄድ ግን ቁጥሩ ወደ ዘጠኝ፣ ከዚያም ወደ አምስት ወረደ። አንዳንድ የማኅበሩ ቅርንጫፎች ሃምሳ ስድሳ ሰው ይለማመድበት የነበረውን አዳራሽ አሥር ሰው ብቻ ይዞታል በማለት የቅርጫት ኳስን እስከ ማገድ ደረሱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በየትምህርት ቤቱ ጎበዞቹ ኳሱን ይዘው የቀሩት ልጆች ከዳር ቆመው የሚያዩበት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁሉ የዚህ ክርክር ቅጥያ ነው።

ኔይስሚዝ በ1895 ወደ ዴንቨር ሄዶ በማኅበሩ ቅርንጫፍ እየሠራ ሕክምና ተማረና በ1898 ተመረቀ። በዚያው ዓመት በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የጸሎት ቤት ኃላፊና የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ቀሪ ሕይወቱን ያሳለፈው በዚያ ነው። በዚህ መካከል በ1916 በሜክሲኮ ጠረፍ ለሠፈረ ጦር በቄስነት፣ ከ1917 እስከ 1919 ደግሞ በፈረንሳይ ለወታደሮች በወወክማ በኩል አገልግሏል፤ የአሜሪካ ዜግነት የተቀበለውም በ1925 ነው።

በካንሳስ የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ኔይስሚዝ ነበረ። ከ1898 እስከ 1907 ባለው ጊዜ 55 ጊዜ አሸነፈ፣ 60 ጊዜ ተሸነፈ። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከመጡት ቋሚ አሠልጣኞች መካከል ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠበት የጨዋታው ፈጣሪ ብቻ መሆኑ በየጊዜው እንደ ቀልድ ይነገራል። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ኔይስሚዝ ብዙ ጊዜ ከቡድኑ ጎን ከመቀመጥ ይልቅ በዳኝነት ያፏጭ ነበር፤ ስልት መንደፍና ተጫዋች ማሰለፍ የሥራው ዋና ክፍል አይመስለውም። ተማሪው ፎረስት አለን አሠልጣኝ ሊሆን መነሣቱን ሲሰማ ይህ ጨዋታ ይጫወቱታል እንጂ አያሠለጥኑትም ብሎ መለሰለት ይባላል። አለን ግን በዚያው ዩኒቨርሲቲ 590 ጊዜ አሸንፎ በዘመኑ ከነበሩት አሠልጣኞች ሁሉ የበለጠ ስም አተረፈ። ሁለቱ ሰዎች እስከ መጨረሻው ወዳጆች ነበሩ፤ ስለ አንድ ነገር ግን የማይገናኝ አስተያየት ነበራቸው። እዚህ ላይ ለአለን ፍርድ መንፈግ አይገባም። ጨዋታው ሙያ ሊሆን የቻለው፣ ድሃ ልጆችም በእርሱ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በእርሱና በመሰሎቹ አማካይነት ነው። የኔይስሚዝ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። እርሱ የሚያየው በክፍሉ ካሉት ሁሉ ስንቱ ላብ አውጥቶ፣ ስንቱ ተናዶ ራሱን ገዝቶ ወጣ የሚለውን ነበር። ተማሪዎችን ከሰይፍ ጨዋታ እስከ ትግል ያስተምር ነበር።

በ1933 ጆን መክለንደን የተባለ ጥቁር ተማሪ ወደ ካንሳስ መጣ። በቆዳው ቀለም ምክንያት በዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ እንዲጫወት አልተፈቀደለትም። አሮጌው መምህር አማካሪው ሆኖ ተቀበለው፤ ከትምህርቱ ክፍሎች አንዱም እንዳይከለከልበት ተከራከረለት። መክለንደን በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ከ1957 እስከ 1959 በተከታታይ ሦስት ብሔራዊ ዋንጫዎችን ወሰደ። ኔይስሚዝ የተከለከለውን ልጅ ቡድን ውስጥ ለማስገባት አቅም አላገኘም፤ በክፍሉ ውስጥ ግን ያውቀውን ሁሉ ሰጠው።

በ1936 የቅርጫት ኳስ በበርሊን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሜዳሊያ ውድድር ሆነ። ኔይስሚዝ ለጉዞው የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። ጨዋታውን የባለቤትነት መብት አውጥቶ አልያዘውም፤ ከእርሱም ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘም። የአሜሪካ አሠልጣኞች ማኅበር በየውድድሩ ከሚሸጥ የመግቢያ ትኬት ሳንቲም እየሰበሰበ ላከው። ነሐሴ 7 ቀን በኢስቶኒያና በፈረንሳይ መካከል በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ኳሱን ወደ ላይ የወረወረው እርሱ ነው። አዲስ አበባ በኢጣሊያ ጦር እጅ ከገባች ሦስት ወር ቢሆን ነበር፤ የኢጣሊያ ቡድንም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበረ። አዘጋጆቹ ጨዋታውን ከአዳራሽ አውጥተው በሸክላ አፈር በተሠራ የቴኒስ ሜዳ ላይ አደረጉት፤ በፍጻሜው ቀን ዝናብ ስለወረደ ኳሱ አልነጥር ብሎ ነበር፤ አሜሪካ ካናዳን 19 ለ 8 አሸነፈች። ከብርድና ከበረዶ ለመሸሽ የተፈጠረ ጨዋታ የመጀመሪያ ታላቅ ፍጻሜውን በጭቃ ውስጥ ማድረጉ ፈጣሪውን ሳያስፈግገው አልቀረም። ሜዳሊያዎቹን ለአሸናፊዎቹ የሰጠ እርሱ ነበር።

ሚስቱ በ1937 ሞተች። በዚያው ዓመት ከእያንዳንዱ ግብ በኋላ ኳሱን በመካከል ወደ ላይ የመወርወሩ ሥርዓት ከሕጉ ተሰረዘ፤ ጨዋታውም ፈጠነ። ኔይስሚዝ ለውጡን አልወደደውም። በ1939 እንደገና አገባና ኅዳር 28 ቀን በሎረንስ ከተማ በ78 ዓመቱ አረፈ። ስለ ጨዋታው አነሣሥ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1941 ነው።

በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው የነበሩት ሁለት ገጾች በቤተሰቡ እጅ ቆይተው በ2010 በኒውዮርክ ለጨረታ ቀረቡና ከአራት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ዶላር በላይ አወጡ። የገዛቸው የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪ ሲሆን አሁን በዩኒቨርሲቲው፣ በአለን ስም በተሰየመው ስታዲየም አጠገብ፣ በመስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ደብዝዟል። ከሥር በኩል ኔይስሚዝ በ1931 በእጁ የጻፈው ማስታወሻ ይታያል፤ ገጾቹ ልጆቹ ሕጉን እንዲማሩት በጂምናዚየሙ ውስጥ ተሰቅለው እንደነበር ይናገራል።